«እንጠብቀዋለን» ብለው ነበር

ሰኔ ሲያልቅ የትምህርት ቤት ካርድ ይመጣል፤ ሐምሌ ሲገባ ቤቱ በልጅ ይሞላል። የደብረ ማርቆስን ክረምት ለሚያውቅ ሰው የቀረውን መንገር አያስፈልግም። ጉሙ እስከ ረፋድ አይገልጥም፤ ጭቃው ደጅ አያስወጣም፤ ልጆች ምድጃ ዳር ተኮልኩለው ሲጣሉ ይውላሉ። አባት ወደ ሱቁ ይሸሻል፤ እናት የቻለችውን ያህል ትችላለች። በዚህ መሀል ነው አንድ ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ ሰው መስጊድ በር ላይ ጠጋ ብሎ «ልጅህን ለክረምቱ ለምን አትሰጠንም?» የሚለው። ቦታው አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል፤ ደሴ ወይም ከሚሴ ሊሆን ይችላል። ስሙም ልዩ ልዩ ነው፤ አንዱ የክረምት ኮርስ፣ አንዱ አዳሪ ሒፍዝ፣ ሌላው ደግሞ የክረምት ካምፕ ይለዋል። ቃሉ ግን አንድ ነው፦ ቁርአን ይቀራል፣ አደብ ይማራል፣ ከክፉ ባልንጀራ ይርቃል፤ እኛ እንጠብቀዋለን። አባትም «ማሻአላህ! አላህ ይስጥልኝ» ብሎ በማግስቱ የልጁን ልብስ በሻንጣ ያስራል።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ አባት የተጻፈ ነው። ከመቀጠሌ በፊት ግን ያ አባት እኔ ራሴ እንደ ነበርኩ መናገር ይገባኛል።

በሬ ሲገዛና ልጅ ሲሰጥ

በጎጃም ገበያ በሬ የገዛ ሰው ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ይቆጥራል። ሰኮናውን ያነሣል። ወዲያና ወዲህ ያስኬደዋል። «ለምን ትሸጠዋለህ?» ብሎ ባለቤቱን ይጠይቃል፤ መልሱ ካላጠገበው የባለቤቱን ጎረቤት ይጠይቃል። ዋስ ይጠራል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሻጩ አይቆጣም፤ ገዢውም አያፍርም። የገበያ ወግ ነውና።

እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄን ለሰባት ሳምንት ለማላውቀው ቤት ስሰጥ የፈጀብኝ ጊዜ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለው ነው። የልጆቼ እናት ሦስት ነገር ጠየቀችኝ፦ የት ይተኛል? ቢታመም ማን ያየዋል? ልብሱን ማን ያጥብለታል? እኔም «አንቺ ደግሞ በዲን ሥራ ትጠራጠሪያለሽ?» ብዬ ዝም አሰኘኋት። ዛሬ ሳስበው ከሁለታችን የዲኑን ሥራ የሠራችው እሷ ነበረች።

ልጁ በየጁምዓው ይደውል ነበር። «ደህና ነኝ፣ እየቀራሁ ነው፣ ዱዓ አድርጉልኝ» ይላል። ሰባቱንም ጁምዓ ያለው ይህንኑ ነው፤ ቃሉም ቅደም ተከተሉም አልተለወጠም። እኔ ደስ አለኝ። እናቱ ግን «ይህ የልጄ አነጋገር አይደለም፤ አጠገቡ ሰው ቆሟል» አለች። እንዳለችውም ነበር። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ተመለሰ። ራሱ ላይ ቆረቆር፣ በጣቶቹ መሀል እከክ፣ በውስጥ እግሩ ላይ የአለንጋ ሰንበር ይዞ መጣ። ሁለት ጁዝእ በቃሉ አድርሷል፤ ይህን ሐሰት አልልም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ቤት ውስጥ ቁርአን ሲሰማ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ይወጣ ነበር። ሁለት ጁዝእ ሸምድዶ፣ ፍቅሩን እዚያው ጥሎ መጣ።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ለበሬ የማናፍርበትን ጥያቄ ለልጅ ስንጠይቅ የምናፍረው ለምንድን ነው?

የያዕቁብ ሁለት ስንብቶች

ብዙዎቻችን «ለዲን ትምህርት የሰጠሁትን ልጅ ማን እንደሚይዘው መጠየቅ አላህን አለማመን ነው» እንላለን። ይህ አባባል ከቁርአን ጋር ይጋጫል። ሱረቱ ዩሱፍን እናስታውስ። የዩሱፍ ወንድሞች ወደ አባታቸው ቀርበው ነገ ከእኛ ጋር ስደደው፣ ይደሰት፣ ይጫወት፣ እኛ እንጠብቀዋለን ብለው ነበር። ከዛሬው የመስጊድ በር ግብዣ በምን ይለያል? ጠያቂዎቹም ባዕዳን አልነበሩም፤ የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ፍርሃታቸውን ከመናገር ወደኋላ አላሉም፤ ተኩላ ይበላብኛል ብለው ሠጉ። በማታ የተመለሰው ግን የሐሰት ደም የተቀባ ልብስና የሐሰት ልቅሶ ብቻ ነበር።

ዓመታት አልፈው እነዚያው ልጆች ታናሹን ወንድማቸውን ደግሞ ስጠን ሲሉ ያዕቁብ እንዴት መለሱ? በፊት በወንድሙ እንዳመንኳችሁ ነው የማምናችሁ? ብለው ያለፈውን አስታወሷቸው። በአላህ ስም ቃል ኪዳን ካልሰጣችሁኝ አልልከውም አሉ። ቃሉን ተቀብለው ሲያሰናብቷቸውም በአንድ በር አትግቡ ብለው ስለ መንገዱ መከሯቸው። በአላህ መመካታቸውን የተናገሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል፦ ያለፈውን መመርመር፣ ቃል ማስገባት፣ ስለ መንገድ መጠንቀቅ፣ ከዚያ ተወኩል። እኛ ግን ሦስቱን ዘለን አራተኛውን ብቻ እንይዝና «ተወክያለሁ» እንላለን። ግመሉን ሳያስር ሊመካ ለፈለገው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እሰረው ማለታቸውን ማን ያልሰማ አለ?

የሙሳን (ዐ.ሰ) እናትም እንመልከት። ልጇን ወደ ወንዝ እንድትጥለው ያዘዛት አላህ ነው፤ እመልስልሻለሁ ብሎ ቃል የገባላትም እርሱ ነው። ከዚህ የበለጠ ዋስትና ያገኘች እናት የለችም። ሆኖም ሱረቱል ቀሰስ እንደሚነግረን እህቱን ተከታተይው ብላ ላከቻት፤ ልጅቷም ከሩቅ ሆና አየችው። በዚያ ክትትል ምክንያትም ሕፃኑ ወደ እናቱ ጡት ተመለሰ። የአላህ ቃል በእጇ ያለች እናት ከተከታተለች፣ በእጁ የማያውቀው ሰው ስልክ ቁጥር ብቻ ያለው አባት ምን ይበል?

«እኛም እየተገረፍን ነው የቀራነው»

ሌላው የሚነሣ ክርክር ይህ ነው። «አለንጋ የሌለበት ትምህርት አይገባም፤ እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» ይባላል። ለመሆኑ ሰው የሆንነው ስለተገረፍን ነው ወይስ ብንገረፍም? ከእኛ ጋር ተገርፈው ከአሊፍ እስከ ያእ ሳይደርሱ የጠፉትን ልጆችስ ማን ቆጠራቸው?

የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ቤት እንይ። ኡሙ ሱለይም ልጇን አነስ ኢብን ማሊክን በአሥር ዓመቱ ገደማ አምጥታ እንዲያገለግላቸው ሰጠቻቸው። አነስ አሥር ዓመት ካገለገለ በኋላ የመሰከረው፣ አንድ ቀን እንኳ «ኡፍ» እንዳላሉት፣ ላደረገው ለምን አደረግህ፣ ላላደረገው ለምን አላደረግህም እንዳላሉት ነው። ባለቤታቸው ዓኢሻም በጦርነት ካልሆነ በቀር ሴትንም አገልጋይንም በእጃቸው መትተው እንደማያውቁ ተናግራለች።

በሰባት ዓመት ስለ ሶላት ማዘዝን፣ በአሥር ዓመት ስለ መምታት የሚናገረውን ሐዲስ የሚጠቅሱብን አሉ። እንጥቀሰው እንጂ፤ ግን ሙሉውን። ንግግሩ ለወላጅ ነው፤ ጉዳዩ ሶላት ነው፤ በመካከሉም ሦስት ሙሉ የማስተማሪያ ዓመታት አሉ። ፊደል የሳተን የስምንት ዓመት ልጅ ውስጥ እግሩን ለሚያነድድ እንግዳ ሰው ፈቃድ ከየት ተገኘ? ያው ሐዲስ በአሥር ዓመት የልጆች መኝታ ይለይ ይላል። ይህን ክፍል የሚጠቅስ ባለ አለንጋ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከእስልምና ሊቃውንት ኢብን ኸልዱን፣ እ.ኤ.አ. በ1406 ካይሮ ላይ ያረፈው ታላቅ የታሪክ ሰው፣ «ሙቀዲማ» በተባለው መጽሐፉ በተማሪ ላይ የሚደረግ ጭካኔን ለይቶ ነቅፏል። በግፍ ያደገ ልጅ ከፍርሃት የተነሣ ውሸትና ተንኮል እንደሚለምድ አስረድቷል። የአገራችን ሕግም ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትም ሆነ በሚያድጉበት ተቋም ውስጥ ከአካላዊ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ የተጠበቁ እንዲሆኑ መብት ሰጥቷል። ስለዚህ «የእኛ ቤት ደንብ ነው» የሚል ሰው ከነቢዩ ፈለግም ከአገሩ ሕግም ውጭ ነው።

ሳይጠየቅ ልጅ አይላክም

ታዲያ ምን እንጠይቅ? አንደኛ፣ ሰውየውን ማን ያውቀዋል? ምስክርነቱ ከአዘጋጆቹ ወዳጆች አይበቃም። ዓምና ልጃቸው እዚያ ከርሞ ዘንድሮ ያልላኩትን ወላጆች ፈልጎ «ለምን ተዋችሁት?» ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ መኝታ። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ይተኛል? የአሥራ ስምንት ዓመቱ ጎረምሳ ከዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ጋር ይተኛልን? ለሴት ልጆች ኃላፊዋ ሴት ናትን? ማታ ቁልፉ በማን እጅ ነው? አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ቤት ለብቻው የሚሆንበት ሁኔታ አለን? ይህን መጠየቅ አሳፋሪ የሚመስለን ካለን እንወቀው፤ ልጅን የሚያበላሽ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከማይታወቅ አገር የመጣ አይደለም። ልጁ የሚያውቀው፣ ቤተሰቡም የሚያከብረው ሰው ነው። እህትና ወንድም እንኳ መኝታቸው ይለይ የተባለው በከንቱ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ጤና። ክረምት ሰው የሚታፈግበት፣ ልብስ የማይደርቅበት ወቅት ነው። ግርሻ የሚባለው ትኩሳት በልብስ ቅማል የሚተላለፍ ሲሆን በደጋው አገር የሚበረታው በዚህ ጊዜ ነው። በጊዜ ከታከመ ይድናል፤ ከተዘናጉለት ይገድላል። እከክም እንደዚሁ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. በክልላችን ወረርሽኝ ሆኖ ስንቱን እንዳዳረሰ አይተናል። ስለዚህ ውሃው ከየት ይቀዳል፣ ሽንት ቤቱ ስንት ነው፣ ልብስ በሳምንት ስንት ጊዜ ይታጠባል ማለት ቅንጦት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ እኛ የደጋ ሰዎች ወባን ልናስብ ይገባናል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ወባን የሚቋቋምበት አንዳች ልምድ በደሙ ውስጥ የለውም። ከሚሴን ወደመሰለ ሞቃት ቦታ ሲወርድ ከዚያው አገር ልጅ ይልቅ አደጋው የሚከፋው በእሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ወደ ደጋው ወጥታ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደ ፈጀች ይገመታል። ያለፈ ታሪክ ነው እንዳንል፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በአሥር ወር ውስጥ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል። እንግዲህ አጎበር አለን? ትኩሳት ሲነሣ በዚያው ቀን ደሙ ይመረመራል ወይስ «ይለፍለት» ይባላል? ልጁ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላም ቢሆን በመስከረም ወይም በጥቅምት ቢያተኩሰው ለሐኪሙ «ቆላ ከርሞ ነው የመጣ» ማለት አይረሳ። አንዱ የወባ ዓይነት ከወራት በኋላም ያገረሻልና።

አራተኛ፣ መንገድ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገርባ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው መታገታቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ገርባ ጉራቻ ከደብረ ማርቆስ ዐባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ የሚገባ ሁሉ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ልጁን ማን ይዞት ይሄዳል? መንገድ ቢዘጋ፣ ስልክ ቢቋረጥ ማን ዘንድ ይቆያል? በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። «ቢያንስ ዲኑን ይማር» ብሎ የሚቸኩል ወላጅ አይፈረድበትም። ግን ለጭንቅ ጊዜ ያልታሰበ መንገድ ትምህርት አይባልም። እንዲህ ባለ ዓመት በሰፈር መስጊድ ጠዋት ቀርቶ ማታ ቤቱ የሚያድር ልጅ ምንም አልቀረበትም።

አምስተኛ፣ ውሎ። ልጁ ከፈጅር እስከ ዒሻ ምን ያደርጋል? ስንት ሰዓት ይማራል፣ ስንት ሰዓት ይጫወታል፣ ስንት ሰዓት ይሠራል? ውሃ መቅዳትና ግቢ መጥረግ ኺድማ ነው፤ ልጅን ያንጻል። ነገር ግን ለቁርአን የተላከ ልጅ የሌላ ሰው ከብት ጠባቂ፣ የሌላ ሰው ሱቅ አሻሻጭ ሆኖ ከከረመ ይህ ኺድማ አይደለም፤ ያለ ደመወዝ ሠራተኛ መቅጠር ነው። «ነፃ ነው፣ ምንም አትከፍልም» ሲባልም ማን እንደሚከፍል እንጠይቅ።

ስድስተኛ፣ ስልክ። ልጁ ሰው ሳይቆምበት ለእናቱ መናገር ይችላልን? ወላጅ ሳይነግር በፈለገው ቀን መጥቶ ማየት ይፈቀድለታልን? «ልጁ ይረበሻል» ብሎ የሚከለክል ቤት ካለ፣ ወንድሜ፣ ልጅህን ያዝና ተመለስ።

የመስጊድ ስም የሚጠፋው መቼ ነው?

ከሁሉ የሚከፋው ነገር ሲደርስ የምናደርገው ነው። ልጅ ተጎድቶ ሲመጣ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። «የመስጊዱ ስም ይጠፋል፤ ሙስሊሙን ለሰው መሳቂያ አናድርገው» ይባላል። ጉዳዩ በይቅርታና በፋቲሓ ይዘጋል፤ ሰውየው በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ከተማ ሄዶ የሌላ ሰው ልጅ ይቀበላል። ስሙን ያጠፋው የተናገረው ልጅ ነው ወይስ የሸፈነው ሽማግሌ? በልጅ ላይ የተፈጸመ ነውር በሽምግልና የሚያልቅ የዳር ድንበር ጠብ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ልጅን ማጎሳቆልንም መድፈርንም በወንጀል ያስቀጣል። ልጁ ሳይታጠብ፣ ልብሱም ሳይታጠብ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይወሰድ፤ ቀጥሎ ፖሊስ ይነገር። ልጁ ሲናገርም «አንተ ምን አድርገህ ነው?» አይባል። ልጆችን አስቀድመን ልናስተምራቸው የሚገባም አለ፦ «ለእናትህ እንዳትነግር» የሚል ትልቅ ሰው ካጋጠመህ የመጀመሪያው ሥራህ ለእናትህ መንገር ነው።

ለደጋግ ኡስታዞቻችን

ይህን ስጽፍ ደመወዝ ሳይኖራቸው፣ በክረምት ጭቃ በባዶ እግር ተመላልሰው ያስተማሩን ኡስታዞችና ሸኾች ቅር እንዲላቸው አልፈልግም። የምናገረው ስለ እነሱ ክብር ጭምር ነው። ክፉው በደጉ ልብስ ተሸፍኖ የሚገባው የሚጠይቅ ሲጠፋ ነው። ታማኝ ሰው ጥያቄ አያስቀይመውም፤ በገበያ ጤነኛ በሬ ያመጣ ሰው «አፉን ክፈተው» ሲባል እንደማይከፋው ሁሉ። የሚቆጣውን ግን ልብ በሉት።

እኔ በሁለተኛው ዓመት ልጄን ወደ ሌላ ቤት ላክሁት። በዚህ ጊዜ ሦስታችንም ሄድን፤ እናቱ መኝታውን በእጇ ዳሰሰች። ኡስታዙ እኛ ሳንጠይቅ «ያለ ቀጠሮ ኑና እዩ» አለን። ከልጄ ጋርም አንድ ቃል ተስማማን፦ ክፉ ነገር ካለ በስልክ «ጥቁሯ ድመት ደህና ናት?» ይላል። ቤታችን ጥቁር ድመት የለችም። በአራተኛው ሳምንት ደወለ፤ እናቱ ድምፁን ስትሰማ ሳቀች። የሚለውን ሁሉ እያቀላቀለ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ አንድ አስቸጋሪ ጓደኛው፣ ስለ ሱረቱ ያሲን ያወራል። ስልኩን ሊዘጋ ሲል «ስለ ድመቷ አታስቡ» አለ። በዚያ ክረምት የቀራው ግማሽ ጁዝእ ብቻ ነው። ግን መስከረም ላይ ቤት ውስጥ ቁርአን ሲሰማ ተነሥቶ አልወጣም፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሮ ቀራ።

ልጅ አማና ነው። አማናን የሰጠን አላህ (ሱ.ወ) ነው፤ ነገ የሚጠይቀንም ስለ ሰጠነው ሰው ሳይሆን ስለ እኛ ነው። ለማን እንደሰጠን ሳናውቅ «እንጠብቀዋለን ብለው ነበር» ማለት ያን ቀን መልስ አይሆነንም።

አላህ ልጆቻችንን ከሚታየውም ከማይታየውም ክፉ ይጠብቅልን፤ እኛንም ጠባቂዎች ያድርገን። አሚን።